ነርቭን ሳይቆራርጡ ማየት፦ የአይጥ ሳያቲክ ነርቭን አጥርቶ ዳግም ያደጉ አክሰኖችን (የነርቭ ሴል ረጃጅም ክሮችን) ለመለካት ዝርዝር መመሪያ

ሦስት ቅሬታዎች እየተመላለሱ ይደርሱኛል። «ነርቩ እንደ ወተት ነጣብኝ።» «ቀለሙ ዳር ዳሩን ብቻ ያዘ፤ መሐሉ ባዶ ነው።» «የለካሁት ርዝመት አልገጥም አለኝ።» ቅሬታውን የሚያመጡት ሰነፎች አይደሉም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደክመው፣ ውድ አንቲቦዲ (የሚፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) አፍስሰው በመጨረሻው ቀን እጃቸው ባዶ የቀረ ተማሪዎች ናቸው። ያንን ፊት ማየት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የተሠራው ከመጨረሻው ቀን ቀደም ብሎ ነው።

መመሪያውን የጻፍኩት በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በመሳሰሉት የጎጃም ከተሞች ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠሩ ነው። ውጭ አገር የተጻፉት መመሪያዎች ከፍታችንን፣ ክረምታችንንና የመብራት መቆራረጡን አያውቁም። መሠረቱ በ2014 የታተመው፣ ሕብረ ሕዋስን ሳይቆርጡ በአንቲቦዲ ቀብቶ የሚያጠራው፣ አይዲስኮ የተባለው ዘዴ ነው። የመጨረሻውን መርዛማ ፈሳሽ ግን በኤቲል ሲናሜት ተክቼዋለሁ።

ሥራው በአጭሩ

ወረቀት ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ወረቀቱ አልሳሳም፤ በጭረቶቹ መካከል የነበረው አየር በዘይት ተተካ፣ ዘይቱም ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከጭረቶቹ ጋር ተቀራረበ። ነርቭን ማጥራትም ይኸው ነው። የውሃ የብርሃን ስብራት መጠን 1.33 ነው፤ ውሃ የወጣለት ፕሮቲን ከ1.5 በላይ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን እስካሉ ድረስ ብርሃኑ ይበተናል። ስለዚህ ውሃውን እናስወጣለን፣ ስቡን እናሟሟለን፣ በቦታቸው 1.558 የሆነውን ኤቲል ሲናሜት እናስገባለን። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ጠብታ ውሃ ከቀረ ነርቩ ነጭ ነው።

በአንጎል አትጀምሩ። የአይጥ ሳያቲክ ነርቭ፣ ማለትም ከጀርባ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አንቲቦዲው በቀናት ውስጥ ይደርሰዋል፤ ቢበላሽም የምታጡት ትንሽ ነው። ተጨፍልቆ ዳግም የሚያድግ ነርቭ ለማየትም ከእሱ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ዝግጅት ሀ፦ ዕቃዎች

የሚያስፈልጋችሁ ክዳናቸው በቴፍሎን የተሸፈነ ትንንሽ የብርጭቆ ብልቃጦች ወይም የፖሊፕሮፒሊን ቲዩቦች፣ ቀጭን ወረንጦ፣ ማጣሪያ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሚሊ ሜትር ወረቀት፣ የማወዛወዣ መሣሪያና 37 ዲግሪ የሚይዝ ኢንኩቤተር ናቸው።

ተራውን ግልጽ የፕላስቲክ ሳህን አትጠቀሙ። ያ ሳህን ፖሊስታይሪን ነው። ስቡን የምናሟሟበት ዳይክሎሮሜቴን ወዲያውኑ ያሟሟዋል፤ ኤቲል ሲናሜትም ቀስ እያለ ያደፈርሰዋል፣ ያለሰልሰዋል። ነርቩን ከቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ መልቀም አይቻልም።

በብልቃጡ ላይ በማርከር አትጻፉ። ሜታኖል አንዴ ከነካው ጽሑፉ ይጠፋል። ቁጥሩን በእርሳስ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ወረቀቱን ከነርቩ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። እርሳስ እስከ መጨረሻው ይቆያል።

ዝግጅት ለ፦ ውህዶች

ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን በፊት አዘጋጁ። በመሐል «አሁን ልሥራው» ያለ ሰው ነርቩን በማይሆን ፈሳሽ ውስጥ ያሳድረዋል።

1. ማጽኛ (ነርቩ እንዳይበሰብስ ባለበት የሚያቆየው)፦ 4 ግራም ፓራፎርማልዴሃይድ በ90 ሚሊ ሊትር ፎስፌት ጨው ውሃ፣ ማለትም በፒቢኤስ፣ ውስጥ ጨምሩ። ወደ 60 ዲግሪ አሙቁ፤ ከዚያ አታሳልፉ። ጥቂት ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት ይጠራል። አቀዝቅዙ፣ ፒኤቹን 7.4 አድርጉ፣ 100 ሙሉና አጣሩ።

2. የሜታኖል መሰላል፦ 20፣ 40፣ 60፣ 80 በመቶ። ለ50 ሚሊ ሊትር 20 በመቶ፣ 10 ሜታኖልና 40 የተጣራ ውሃ ነው። በፒቢኤስ አታቅጥኑ። ሜታኖሉ ሲበዛ ጨው ይዘቅጣል፤ ነርቩም ላይ ነጭ ቅንጣት ይለጥፋል።

3. ስብ ማሟሟያ፦ ሁለት እጅ ዳይክሎሮሜቴን፣ አንድ እጅ ሜታኖል።

4. ማንጫ፦ አንድ እጅ 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በአምስት እጅ ቀዝቃዛ ሜታኖል። በዕለቱ ብቻ ይዘጋጃል።

5. ማጠቢያ አንድ፦ ፒቢኤስ ከ0.2 በመቶ ትራይተን ኤክስ 100 ጋር። ትራይተን ዝልግልግ ስለሆነ በፒፔት በትክክል አይለካም፤ መጀመሪያ 10 በመቶ አድርጋችሁ አቅጥኑትና ከዚያ 2 ሚሊ ሊትር ለ100 ውሰዱ።

6. ማስረጊያ፦ 80 ሚሊ ሊትር ማጠቢያ አንድ፣ 20 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ፣ 2.3 ግራም ግላይሲን።

7. መከላከያ (አንቲቦዲው በማይፈለግ ቦታ እንዳይጣበቅ)፦ 8.4 ሚሊ ሊትር ማጠቢያ አንድ፣ 1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ፣ 0.6 ሚሊ ሊትር የአህያ ሴረም። ሴረሙ ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዘውና የሚያበራውን ቀለም የተሸከመው) ከተሠራበት እንስሳ ይሁን። አንቲቦዲያችሁ የፍየል ከሆነ የፍየል ሴረም ነው የሚያስፈልጋችሁ።

8. ማጠቢያ ሁለት፦ 1 ሊትር ፒቢኤስ፣ 2 ሚሊ ሊትር ትዊን 20፣ 10 ሚሊ ግራም ሄፓሪን። በዚህ፣ በማስረጊያውና በመከላከያው ላይ 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ ጨምሩ፤ ያለዚያ በ37 ዲግሪ ባክቴሪያ ይበቅልበታል።

የሜታኖሉን ጠርሙስ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይጠጣል። በጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ ውሃ ነው። በአንድ ክረምት ግማሹ ያለቀ ጠርሙስ ለሳምንታት ስከፍትና ስዘጋ ከርሜ ስድስት ነርቮች ወተት ሆነውብኛል። የጠርሙሱ ጽሑፍ 100 በመቶ ይል ነበር፤ ውስጡ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለመጨረሻው ውሃ ማስወጫ አዲስ ጠርሙስ ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ የተከፈተበትንም ቀን እጽፍበታለሁ።

ዝግጅት ሐ፦ አንቲቦዲውን አስቀድማችሁ ፈትኑ

ሜታኖልን የማይወድ አንቲቦዲ አለ። ይህን በ15ኛው ቀን ከማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅ ይሻላል። የጸና ነርቭ ቀጭን ቁራጭ ውሰዱ፣ ግማሾቹን ለ3 ሰዓት በሜታኖል ውስጥ አቆዩ፣ ውሃ መልሱላቸው፣ ከዚያ ሁሉንም እንደተለመደው ቀቡ። ሜታኖል የነካቸው ከጨለሙ ሌላ አንቲቦዲ ፈልጉ።

ምን ይቀባ ለሚለው፣ ዳግም እድገትን ለመለካት በአሮጌውም በአዲሱም አክሰን ውስጥ የሚገኙትን ፕሮቲኖች፣ ኒውሮፊላመንትን ወይም ቤታ 3 ቲዩቡሊንን፣ ብቻ አትመኑ። ከጉዳቱ በታች ያሉት አሮጌ አክሰኖች ፈርሰው እስኪያልቁ ቀናት ይፈጃሉ፤ ፍርስራሻቸውም ቀለም ይይዛል። ብዙ ሰው ፍርስራሽ ቆጥሮ «አደገ» ብሏል። ስታትሚን 2 የተባለው ፕሮቲን፣ በሌላ ስሙ ኤስ ሲ ጂ 10፣ በማደግ ላይ ባሉ የስሜት አክሰኖች ውስጥ ስለሚበዛ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ልኬት የተሻለ ነው።

ለሁለተኛው አንቲቦዲ በ647 ናኖ ሜትር አካባቢ የሚነቃውን ጥልቅ ቀይ ቀለም ምረጡ። የሕብረ ሕዋሱ የራሱ ብርሃን በአረንጓዴ በኩል ይበዛል፣ በቀይ በኩል ያንሳል። የአረንጓዴውን መስመር የነርቩን ቅርጽ ለማየት ተዉት።

አይጦቹ ጂ ኤፍ ፒ የተባለውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የያዙ ከሆኑና ያንኑ ብርሃን ለማየት ካሰባችሁ ይህን የሜታኖል መንገድ አትከተሉ፤ ያጠፋዋል። ፒኤቹ 9 በሆነ 1-ፕሮፓኖል በ4 ዲግሪ ውሃ ማስወጣት ሌላ መንገድ ነው። ወይም ጂ ኤፍ ፒውን ራሱን በአንቲቦዲ ቀቡት።

ደኅንነት፦ ይህን ክፍል አትዝለሉ

ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ወለል በ40 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የሚፈላው በ34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ 32 ይወርዳል። ስለዚህ ዳይክሎሮሜቴን ያለበትን ብልቃጥ በ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ይፈላል፣ ክዳኑን ይገፋል፣ ክፍሉን በእንፋሎት ይሞላል። በመስኮት ፀሐይ ላይም አታስቀምጡት።

ሥራው ሁሉ ፊዩም ሁድ በሚባለው አየር መሳቢያ ውስጥ ይሁን። መሳቢያው ካልሠራ ሥራው ይቆይ። መስኮት መክፈት መሳቢያን አይተካም።

ናይትራይል ጓንት ዳይክሎሮሜቴንን የሚከለክለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሁለት ደርቡ፤ ጠብታ ከነካው ወዲያውኑ አውልቁና ቀይሩ።

ሜታኖል ያለበትን ዕቃ ሁሉ በትልቁ በአማርኛ «መርዝ ነው፤ አይጠጣም» ብላችሁ ለጥፉበት። ሽታው ከአልኮል አይለይም፤ ክፍሉን የሚያጸዱ እናቶች የእንግሊዝኛውን ምልክት የማንበብ ግዴታ የለባቸውም። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል።

ፐርኦክሳይድን ከአሴቶን ጋር አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ አታገናኙ፤ የሚፈነዳ ነገር ይፈጠራል። አዛይድንም ከአሲድ ጋር አታቀላቅሉ። ዳይክሎሮሜቴን የነካውን ቆሻሻ ለብቻው በብርጭቆ ጠርሙስ አጠራቅሙ። በመታጠቢያው ቱቦ አትድፉት፤ የከተሞቻችን ፍሳሽ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው።

ደረጃ 1፦ ነርቩን ማውጣትና ማጽናት (ቀን 1)

ከእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያላገኘ ሰው እዚህ ላይ ያቁም።

1. ነርቩ በሚጨፈለቅበት ቀን የወረንጦውን ጫፍ በንጹሕ የከሰል ዱቄት ንኩ። ዱቄቱ በተጨፈለቀው ቦታ ላይ ይቀራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ዜሮው የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው። ምልክት የሌለው ነርቭ አይለካም።

2. ነርቩ ከተጨፈለቀ በኋላ በመረጣችሁት ቀን፣ ለምሳሌ በ3ኛው ቀን፣ በማደንዘዣ ሥር መጀመሪያ ሄፓሪን ያለበት ፒቢኤስ፣ ቀጥሎ ማጽኛውን በልብ በኩል አሳልፉ። ደም የቀረበት ነርቭ በኋላ ቡናማ ይሆናል።

3. ነርቩን ሳትጎትቱ አውጡ። የተጎተተ ነርቭ ርዝመቱ ውሸት ነው። በጀርባ በኩል ያለውን ጫፍ ቀጥ፣ በእግር በኩል ያለውን ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። አቅጣጫውን የምታውቁት በዚህ ነው።

4. በረጠበ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስተኙት። አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ይጣበቃል። ከነወረቀቱ ማጽኛው ውስጥ ክተቱት፤ በ4 ዲግሪ ይደር። ተጠቅልሎ የጸና ነርቭ አይቃናም።

5. ያልተጎዳውን የሌላኛውን እግር ነርቭም አውጡ። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ነርቭ የመጀመሪያው አንቲቦዲ ሳይገባበት እስከ መጨረሻው አብሮ ይሂድ። ሁለቱ ከሌሉ የምታዩት ብርሃን የምን እንደሆነ መናገር አትችሉም።

ደረጃ 2፦ ውሃ ማስወጣት (ቀን 2)

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩ። በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን 30 ደቂቃ እጠቡ። በማጉያ ሥር በላዩ የተጣበቀውን ስብና ስስ ሥጋ በወረንጦ አንሡ፤ የነርቩን ሽፋን ግን አትቅደዱ። ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ለኩና ጻፉ። ይህ ቁጥር በደረጃ 7 ያስፈልጋችኋል።

ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በ20፣ በ40፣ በ60፣ በ80 እና ሁለት ጊዜ በ100 በመቶ ሜታኖል፣ እያንዳንዱን 1 ሰዓት አቆዩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትጨርሳላችሁ። ደረጃ አትዝለሉ፤ ከ20 ወደ 100 የተወረወረ ነርቭ ይጨማደዳል። ከዚያ ስብ ማሟሟያው ውስጥ አስገቡት፣ በክፍሉ ሙቀት በመሳቢያው ውስጥ ይደር።

መጀመሪያ ይንሳፈፋል። ጠዋት ወደ ታች መስጠም አለበት። የሰጠመ ነርቭ ፈሳሹ ውስጡ ገብቷል። አሁንም ከተንሳፈፈ አትቀጥሉ፤ በአዲስ 100 በመቶ ሜታኖል ሁለት ሰዓት መልሳችሁ እንደገና ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ ማንጣት (ቀን 3)

በ100 በመቶ ሜታኖል ሁለት ጊዜ እጠቡና በ4 ዲግሪ አቀዝቅዙ። ማንጫው ውስጥ አስገቡት፣ በ4 ዲግሪ ይደር። ክዳኑን አታጥብቁ፤ ጋዝ ይወጣል። ትንንሽ አረፋ ማየት ያለ ነው። ኃይለኛ አረፋ ከሆነ ደም በዝቷል ወይም ሞቋል ማለት ነው፤ ብልቃጡን በረዶ ላይ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ውሃ መመለስና ማስረግ (ከቀን 4 እስከ 6)

አንቲቦዲ የሚሠራው በውሃ ውስጥ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለሳለን፦ 80፣ 60፣ 40፣ 20 በመቶ ሜታኖል፣ ከዚያ ፒቢኤስ፣ እያንዳንዱ 1 ሰዓት። በማጠቢያ አንድ ሁለት ጊዜ 1 ሰዓት። ማስረጊያው ውስጥ በ37 ዲግሪ ይደር። በማግሥቱ ወደ መከላከያው አዛውሩት፣ በ37 ዲግሪ አንድ ቀን።

ደረጃ 5፦ አንቲቦዲ (ከቀን 6 እስከ 13)

1. የመጀመሪያውን አንቲቦዲ 92 በመቶ ማጠቢያ ሁለት፣ 5 በመቶ ዲኤምኤስኦና 3 በመቶ ሴረም ባለበት ፈሳሽ አቅጥኑ። ለአንድ ነርቭ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በ37 ዲግሪ እየተወዛወዘ 3 ቀን ይቆይ።

2. በማጠቢያ ሁለት አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ቢያንስ 1 ሰዓት እጠቡ፤ የመጨረሻው ያድራል።

3. ሁለተኛውን አንቲቦዲ በ97 በመቶ ማጠቢያ ሁለትና በ3 በመቶ ሴረም አቅጥናችሁ በ0.2 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፉ። ካልተጣራ የተቋጠረው ቀለም ነርቩ ላይ እንደ ከዋክብት ይበተናል። በ37 ዲግሪ 2 ቀን፤ ብልቃጡን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉት።

4. እንደገና አምስት ጊዜ እጠቡ፣ ይደር።

«ዳር ዳሩን ብቻ ያዘ» የሚለው ቅሬታ የሚወለደው እዚህ ነው። አንቲቦዲው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲጓዝ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፤ መሐል ሳይደርስ ያልቃል። ቀን ለመቆጠብ 3ቱን ቀን 1 ያደረገ ሰው ያገኘው ያንኑ ነው። ቀኑን አትቀንሱ። በ2ኛው ቀን ግማሽ መጠን አንቲቦዲ መጨመር መጠኑን መጀመሪያ ከማብዛት የተሻለ ውጤት ሲሰጥ አይቻለሁ።

ደረጃ 6፦ ማጥራት (ቀን 13 እና 14)

1. 20፣ 40፣ 60፣ 80፣ 100፣ 100 በመቶ ሜታኖል፣ እያንዳንዱ 1 ሰዓት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከአዲሱ ጠርሙስ ይሁኑ። በ100 በመቶ ይደር።

2. በስብ ማሟሟያው 3 ሰዓት። መስጠሙን አረጋግጡ።

3. በንጹሕ ዳይክሎሮሜቴን ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ። እዚህ ነርቩ ይደርቃል፣ በቀላሉ ይሰበራል። በወረንጦ አትጭመቁት፤ ፈሳሹን ቀይሩ እንጂ ነርቩን አታንቀሳቅሱ። ፈሳሽ በምትቀይሩበት ጊዜ አየር ላይ እንዳይቆይ ፍጠኑ።

4. ኤቲል ሲናሜት ጨምሩ፣ ብልቃጡን እስከ አፉ ሙሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በአዲስ ቀይሩ። አታወዛውዙ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳሩ፣ ከዚያም መሐሉ ይጠፋል። በእርሳስ የጻፋችሁትን ወረቀት ከሥሩ አድርጉ፤ ፊደሉ በነርቩ በኩል ከተነበበ ደርሳችኋል።

ኤቲል ሲናሜት ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል፤ ለምግብ ማጣፈጫነትም ስለሚውል ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የዋህ ነው። ግን ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ይረጋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት። በቀዝቃዛ ክፍል አድሮ ነጭ ሆኖ ካገኛችሁት አትደንግጡ፤ ብልቃጡን በእጃችሁ ያዙት፣ ይቀልጣል። ይህ ነጭነት የውሃው ነጭነት አይደለም፤ ሲሞቅ ይጠፋል።

ደረጃ 7፦ ማየትና መለካት (ቀን 15)

የብርጭቆ ክፍል ሥሩ፦ የማይክሮስኮፕ ስላይድ ቁራጮችን በሁለት ጎን በማጣበቂያ ለጥፉ፣ ነርቩን መሐል አስተኙ፣ በኤቲል ሲናሜት ሙሉ፣ በስስ መሸፈኛ ብርጭቆ ክደኑ። ማጣበቂያው ይቋቋም እንደሆነ ያለ ነርቭ ለ24 ሰዓት አስቀድማችሁ ሞክሩት። የሚፈስ ክፍል የሚያበላሸው የሌላውን ሰው ሌንስ ጭምር ነው። በፈሳሽ ውስጥ ለሚጠልቅ የውሃ ሌንስ ኤቲል ሲናሜትን በቀጥታ አታስነኩት፤ የሌንሱን ማጣበቂያ ሊበላ ይችላል።

በዓይን መመልከቻው ጥልቅ ቀይ ቀለም ፈልጋችሁ «ምንም የለም» አትበሉ። ዓይናችን ያን ብርሃን በደንብ አያይም። በካሜራው ወይም በኮንፎካሉ (በሌዘር ንብርብር በንብርብር በሚያነሣው ማይክሮስኮፕ) መቀበያ እዩ። በዚህ ምክንያት ብቻ ደኅና ነርቭ የተጣለበት ጊዜ አለ።

መጀመሪያ በ10 እጥፍ የአየር ሌንስ መላውን ነርቭ አንሡ። ከፍተኛ የዘይት ሌንሶች ከ0.2 ሚሊ ሜትር ብዙም አልፈው አይደርሱም፤ የነርቩን መሐል በእነሱ አትጠብቁ።

አሁን ሦስተኛው ቅሬታ። ርዝመት የማይገጥመው ሁለት እርማት ስለሚረሳ ነው።

የመጀመሪያው ጥልቀት ነው። በአየር ሌንስ ስታነሡ ማይክሮስኮፑ 2 ማይክሮ ሜትር ወረድኩ ሲል ትኩረቱ በእውነት የወረደው 3.1 ያህል ነው፤ 2 በ1.56 ሲባዛ ማለት ነው። ይህን ለሶፍትዌሩ ካልነገራችሁት ክብ ነርቭ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው መኮማተር ነው። ውሃ የወጣለት ነርቭ ያጥራል። በቀን 2 የለካችሁት 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ አሁን 10.2 ከሆነ ጥምርታው 0.85 ነው። ከከሰሉ ምልክት እስከ አክሰኑ ጫፍ 4.25 ከለካችሁ እውነተኛው 4.25 ሲካፈል ለ0.85፣ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ጥምርታውን ለእያንዳንዱ ነርቭ ለየብቻ አስሉ። የአንዱን ለሌላው አትዋሱ።

ረጅሙን አንድ አክሰን ብቻ መለካት ያታልላል። የኤስ ሲ ጂ 10 ብርሃን በከሰሉ ምልክት ላይ ያለው መጠን ወደ ግማሽ የሚወርድበትን ርቀት ለኩ። ለካችሁ ስትጨርሱ የነርቮቹን ማንነት የማያውቅ ባልደረባ ደግሞ እንዲለካ አድርጉ።

ሲበላሽ

*ወተት መሰለ፦* ውሃ ቀርቷል። «ይቆይ፣ ይጠራል» አትበሉ፤ አይጠራም። በአዲስ 100 በመቶ ሜታኖል ሦስት ጊዜ 1 ሰዓት እጠቡት፤ ከዚያ ከደረጃ 6 ቁጥር 2 እንደገና ጀምሩ። ቀለሙ ይህን ይቋቋማል።

*ዳሩ ጠርቶ መሐሉ ነጭ ነው፦* ያንኑ አድርጉ፣ ግን በስብ ማሟሟያው 3 ሰዓት ሳይሆን አንድ ሌሊት ይቆይ።

*ቡናማ ነው፦* ደም ነው። ቀለም ከገባ በኋላ በፐርኦክሳይድ አታንጡት፤ ቀለሙንም ይገድለዋል። በጥልቅ ቀይ አንሡት፤ ለቀጣዩ አይጥ ደሙን በደንብ እጠቡ።

*ሁሉም ጨለማ ነው፦* በቅድሚያ መቀበያውንና ማጣሪያውን አረጋግጡ፣ ቀጥሎ በዝግጅት ሐ ያደረጋችሁትን ሙከራ እዩ። ያን ሙከራ ካልሠራችሁት አሁን ሥሩት።

*የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልገባበትም ያበራል፦* ሁለተኛው አንቲቦዲ ነው የተጣበቀው። ሴረሙ ከትክክለኛው እንስሳ መሆኑን ፈትሹ፣ እጥበቱን አብዙ።

መብራት ሲጠፋ

በ37 ዲግሪ ደረጃ ላይ እያላችሁ መብራት ከጠፋ ነርቩ አይበላሽም፤ አዛይድ አለው። የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ፤ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉና ያንኑ ያህል ጨምሩ። ሌሊቱን ሙሉ ከጠፋ አንድ ቀን ጨምሩ። በማንጣት ሌሊት ከጠፋ ግን ብልቃጡን በረዶ ባለበት ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ የሞቀ ፐርኦክሳይድ ነርቩን ይበላል። ስለዚህ የቀን 3 ምሽት ከመምጣቱ በፊት በረዶ ይኑራችሁ። አንቲቦዲውን በትንንሽ ክፍል ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ ቀልጦ ቢቀዘቅዝ ሌላው ይተርፋል።

ማይክሮስኮፑ ሌላ ከተማ ከሆነ

ነርቩን በሁለት ሁኔታ ብቻ ይዛችሁ መጓዝ ትችላላችሁ፦ አዛይድ ባለበት ፒቢኤስ ውስጥ ከደረጃ 1 በኋላ፣ ወይም በኤቲል ሲናሜት ሙሉ በሙሉ ከጠራ በኋላ። በሜታኖል ወይም በዳይክሎሮሜቴን ውስጥ አውቶቡስ ላይ አትጫኑት። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የመኪናው ውስጥ ይግላል፤ ክዳን ይከፈታል፣ አጠገባችሁ ሰው አለ።

የጠራውን ነርቭ አየር ሳይቀር ብልቃጡን እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን በፓራፊልም ጠቅልሉት፣ በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍኑት፣ በጥጥ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ቁሙን አቁሙት። ከእጃችሁ አይለይ፤ ከላይ ጣሪያ ላይ አይጫን። ስትደርሱ ከመክፈታችሁ በፊት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ በቀዘቀዘ ብልቃጥ ላይ የሚጤዝ እርጥበት አንድ ጠብታ ሆኖ ከገባ የ15 ቀኑን ሥራ ያደበዝዘዋል። ባነሣችሁ በዚያው ቀን ምስሉን በሁለት ዲስክ ቅዱ፣ ነርቩን በጨለማ በክፍል ሙቀት አስቀምጡ፤ ቀለሙ ሳይደክም በሳምንታት ውስጥ መልሳችሁ ልታነሡት ትችላላችሁ።